አምስተኛዋ ነጥብ

«እኔና መምህር መርዳሳ ማለት» አለ አብተው፣ ዳሱ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ እንዲሰማው ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «አንድ ነፍስ ነበርን። አንድ ነፍስ!»

ዘርፉ ከተቀመጠችበት ሰሌን ላይ ቀና ብላ አየችው። ባሏ ከተቀበረ ሦስተኛ ቀኑ ነበር። አብተው የአገረ ገዢው ጸሐፊ ነው፤ ከአዳማ አንድ ወረቀት ያለ እሱ እጅ ወደ አዲስ አበባ አይሄድም። አሁን በግራ እጁ መሐረብ፣ በቀኝ እጁ እፍኝ ንፍሮ ይዞ አንዱን ወደ ዐይኑ፣ አንዱን ወደ አፉ ያመላልሳል። ቀኝ እጁ ይበልጥ ይሠራ ነበር።

አንድ ነፍስ አለች ዘርፉ በልቧ። ባለፈው ዓመት ይኸው ሰው በገበያ ቀን፣ ሕዝብ በሞላበት መሀል፣ «ኖራው መጣ! እንዳይነካችሁ ልብሳችሁን ሰብስቡ!» ብሎ መርዳሳን መሣቂያ አድርጎት ነበር። መርዳሳ ጠመኔ ስለማያገኝ ከአዋሽ ዳር ነጭ ድንጋይ እያስመጣ በእሱ ይጽፋል፤ ጋቢው፣ ጢሙ፣ የጫማው ጫፍ ሳይቀር ሁልጊዜ ነጭ ነው። ከተማው «ኖራው» ያለው ለዚህ ነው። የአዳማ ሰው ስም ለማውጣት አይሰንፍም፤ የሚሰንፈው በሌላው ነው። ዐሥር ዓመት ልጆቹን ያስተማረለትን ሰው መምህር ብሎ ለመጥራት መሞቱን ጠበቀ።

ዳሱ የተጣለው ትምህርት ቤቱ ደጅ ላይ ነው። ትምህርት ቤቱ ማለት ደግሞ የመርዳሳና የዘርፉ ቤት ማለት ነው፤ ትንሹ ክፍል መኝታቸው፣ ሰፊው መማሪያ። ለቀስተኛው የተቀመጠው በተማሪዎቹ አግዳሚ ላይ ነበር። ልጄን ኖራ አላስነካም ሲል የኖረው ሁሉ ዛሬ አግዳሚው ላይ ተደላድሎ ሟች ያወድሳል።

ከሁሉ ከሁሉ ዘርፉን ያንገበገባት ግን የሰሌዳው ነገር ነው። እሷ ቤተ ክርስቲያን ቀብር ላይ ሳለች የአብተው ሚስት በላይነሽ ሰሌዳውን ከግድግዳው አውርዳ፣ በእርጥብ ጨርቅ ፈትጋ፣ ንፍሮ ማቅረቢያ አድርጋዋለች። ከሦስት ቀን ጀምሮ የስንዴና የባቄላ ንፍሮ ተቆልሎበት በሰው ፊት ይዞራል።

«ገበታ ጠፋና ነው እኮ» አለች በላይነሽ ዘርፉ ስትጠይቃት። «ደግሞ ቆሽሾ ነበር። አሳምሬ አጠብኩልሽ።»

የቆሸሸው መርዳሳ ንዳድ ሳይጥለው በፊት ለመጨረሻ ጊዜ የጻፈው ጽሑፍ ነበር። ዘርፉ አራት ቀን ሙሉ ከመኝታው ሥር ሳትነሣ ስታስታምም ወደ መማሪያው ክፍል አልዘለቀችም። ምን እንደጻፈ አላየችም።

በዚያ ቤት ደግሞ ሳይነበብ የሚጠረግ ሰሌዳ አልነበረም። ዘርፉ ስታገባ ሀን ከለ አትለይም ነበር። መርዳሳ ልጆቹን ካሰናበተ በኋላ መጥረጊያ ጨርቁን ያቀብላትና «ሳታነቢ አትጥረጊ» ይላታል። መጀመሪያ አንድ ፊደል አስነበባት፤ ቀጥሎ አንድ ቃል፤ ኋላ መሥመሩን በሙሉ። አንዳንድ ቀን ወጡ እያረረባት፣ ራት እየዘገየባት ቆማ ትንተባተባለች፤ እሱ በር ላይ ተደግፎ ይጠብቃል። ሰሌዳ እየጠረገች ማንበብን እንዲህ ተማረች። ይህን የሚያውቅ ከባሏ በቀር አልነበረም። መጥረጊያ የያዘች ሴት ታነባለች ብሎ የሚጠረጥር ሰው አዳማ ውስጥ የት ተገኝቶ።

«አልቅሺ እንጂ ልጄ» አሉ ጎረቤቷ ወይዘሮ ቡዜ ወደ ጆሮዋ ተጠግተው። «ዋቃዮ! ሦስት ቀን ሙሉ አንዲት ዘለላ እንባ የለ! ሰው ያማሻል።»

«አልመጣልኝም እማማ ቡዜ።»

«ተንፍሺ፣ ይመጣል።»

«ብተነፍስ ስድብ ነው የሚወጣው።»

ከኋላቸው በላይነሽ ለጎኗ ሰው ስታንሾካሽክ ተሰማት። «ከኖራ ጋር ኖራ ኖራ እሷም ደርቃ ቀረች።» ሁለት ሴቶች በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው ሣቁ። ዘርፉ ዘወር አላለችም። እንዲህ ያለ ሣቅ ታውቀዋለች፤ ዐሥር ዓመት አብሯት ኖሯል።

ይኼኔ የአገር ሽማግሌው አባ ሰንበታ ዱላቸውን ወደፊት አኑረው ጠየቁ። «እንግዲህ ትምህርት ቤቱስ? ልጆቹ ምን ይሁኑ?»

አብተው ጥያቄውን ሲጠብቅ እንደቆየ ያስታውቅ ነበር። ንፍሮውን አስቀምጦ እጁን አራገፈ። «እሱን ለእኔ ተዉት። በሚመጣው ሰኞ የትምህርት ሹም ከአዲስ አበባ በባቡር ይመጣል። የመንግሥት ትምህርት ቤት ሊቆም ነው፤ ወይ ሞጆ፣ ወይ እዚህ። ትምህርት የተጀመረበትን ከተማ ይመርጣሉ። ሞጆዎች ማመልከቻ ከጻፉ ሰንብተዋል፤ እኛም እንጽፋለን። ቤቱ የዘርፉ ስለሆነ የእሷ ጣት ያስፈልጋል። በሰባተኛው ቀን ጽፌ አመጣለሁ፤ እናንተ ምስክር ሆናችሁ ጣቷን ታሳርፋለች። አለቀ።»

«የመምህሩ ስም ይገባበታል?» አለች ዘርፉ።

ሰው ሁሉ ዞር ብሎ አያት። ሐዘንተኛ ሴት እንዲህ ያለ ጉዳይ ውስጥ አትገባም።

«ምን ማለትሽ ነው እህቴ!» አለ አብተው መሐረቡን ወደ ዐይኑ መልሶ። «ከሁሉ በላይ ነው የማሰፍረው።»

*

መርዳሳ አዳማ የገባው በዐሥራ ዘጠኝ መቶ ዐሥራ አራት ነው፤ ከደራ፣ በእግሩ፣ አንድ ዳዊት በጨርቅ ጠቅልሎ። ልጅ ሆኖ አንድ ሽማግሌ መነኩሴን ሲያገለግል ቆይቷል፤ ንባብም ጽሕፈትም የተማረው ከመነኩሴው ዳዊት ነው። ከተማዋ ያኔ ባቡር ጣቢያው፣ ጥቂት ሱቆችና ብዙ አቧራ ነበረች። ሰው ከባቡር የወረደ ዕቃ የማን እንደሆነ የሚያነብለት አጥቶ በየጆንያው ይጣላል። መርዳሳ ያነብላቸው ጀመር። ቀጥሎ ልጆቻችሁን አምጡልኝ አለ። በመጀመሪያው ዓመት አራት ልጆች ዋርካ ሥር ተሰበሰቡ፤ ሁለቱ ከፀሐይ ለመሸሽ የመጡ ነበሩ። ዝናብ ሲያባርራቸው ነጋዴው መሐመድዘይን የሱቁን ጓዳ ሰጣቸው። ሦስት ዓመት በስኳርና በጨው ጆንያ መካከል ተማሩ። በመጨረሻ መርዳሳ ይህን ቤት አቆመ፤ ጭቃውን ያቦኩት ተማሪዎቹ ናቸው።

ነገር የመጣው በነጥብ ነው። በመነኩሴው ዳዊት ላይ ዐረፍተ ነገር ሲያልቅ አራት ጥቁር ነጥብ አለ፤ በአራቱ መካከል ደግሞ አንዲት ቀይ ነጥብ። መርዳሳ ቀይ ቀለም አይቶ አያውቅም፤ አምስቱንም በጥቁር ጻፈ። ተማሪዎቹም አምስት ጻፉ። በከተማው የሚጻፍ ደብዳቤ፣ የጆንያ ምልክት፣ የውል ወረቀት ሁሉ በአምስት ነጥብ ያልቅ ጀመር።

የደብሩ አለቃ ኃይለየሱስ ይህን ያዩ ዕለት ደስታቸው ወሰን አልነበረውም። ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ሳይበተን መርዳሳን ጠሩት።

«ቀዩ ጌጥ ነው እንጂ ነጥብ አይደለም! አራት ነጥብ ይባላል፣ አራት! መቁጠር የማይችል ሰው ነው ልጆቻችሁን የሚያስተምረው?»

ሕዝቡ ሣቀ። ከሣቁት አብዛኞቹ አራቱንም፣ አምስቱንም፣ አንዱንም ነጥብ መጻፍ አያውቁም። ከዚያ ቀን ጀምሮ የመርዳሳ ተማሪ በአዳማ «ባለ አምስት» ተባለ። ከሁሉ አብዝቶ ባለ አምስት እያለ የሚሣለቅ ጸሐፊው አብተው ነበር።

መርዳሳ ቤቱ ሲገባ ዘርፉ ንዴቷን አልቻለችውም። እሱ ግን ጋቢውን እያራገፈ፣ «እውነታቸውን ነው» አላት። «ተሳስቻለሁ።» በማግስቱ ልጆቹ ፊት ቆሞ ያንኑ ደገመው። «ልጆች፣ ተሳስቼ አሳስቻችኋለሁ። አራት ነው።» ልጆቹ እሺ ብለው አራት ጻፉ። ሦስተኛው መሥመር ላይ ሲደርሱ እጃቸው አምስት ጻፈ። እሱም ሰሌዳው ላይ አምስት ጻፈ። ያን ጊዜ የራሱን እጅ እያየ ሣቀ፤ ልጆቹም አብረውት ሣቁ።

የአዳማ ሹማምንት፣ ካህናትና ጸሐፊዎች ሁሉ ተሰብስበው በዕድሜያቸው አንድ ቀን «ተሳስቻለሁ» ሲሉ ዘርፉ ሰምታ አታውቅም። እሱ ግን በልጆች ፊት አለው። ሰውየውን የወደደችው በዚህ ነበር።

*

በአምስተኛው ቀን አለቃ ኃይለየሱስ ለብቻቸው መጡ። ዐይናቸው ከደከመ ወዲህ በትር ይዘው ነው የሚሄዱት። ፍታት ከደገሙ በኋላ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ጉሮሮአቸውን ጠረጉ።

«ልጄ፣ የጸሐፊውን ነገር እሺ በይ። ሹሙ የሚያየው ማዕረግ ነው። የትምህርት ቤቱ መሥራች የአገረ ገዢው ጸሐፊ ነው ሲባልና አንድ መርዳሳ የሚባል የደራ ሰው ነው ሲባል አንድ አይደለም።»

ዘርፉ ቀስ ብላ ነጠላዋን አስተካከለች። «መሥራቹ ጸሐፊው ነው ተብሎ ሊጻፍ ነው?»

አለቃ ያመለጣቸውን ቃል ሊሰበስቡ ሞከሩ። «አይ፣ አላልኩም። ለአነጋገር ያህል ነው። ደግሞስ ለሞተ ሰው የምድር ስም ምን ያደርግለታል? ስሙ በሰማይ ተጽፏል።»

«እርስዎ ግን በምድርም ይጻፍልኝ ሳይሉ አልቀሩም፤ ደወሉ ላይ ስምዎን አስቀርጸዋል።»

አለቃ በትራቸውን ይዘው ተነሡ። «ሐዘን ነው የሚያናግርሽ» አሉና ባርከዋት ሄዱ።

እሳቸው ሲወጡ መሐመድዘይን ደጅ ቆሞ ነበር። ነጋዴው ከቀብሩ ቀን ጀምሮ በየዕለቱ ይመጣል፤ ንግግር አያደርግም፣ መሐረብ አያወጣም። አንድ ቀን ስኳር፣ አንድ ቀን ጋዝ አስቀምጦ ይሄዳል። ዛሬ ግን ዳሱ ውስጥ ገብቶ ከዘርፉ ትይዩ ቁጢጥ አለ።

«እህቴ፣ አለቃ የሚሉትን ሰምቻለሁ። ወላሂ ልናገርበት! በሱቄ ጓዳ ያየሁትን ለሰው ሁሉ ልናገር።»

«እንዳትናገር።»

«ለምን?»

እሱ ያየውን ዘርፉም አይታለች። ትምህርቱ ገና በሱቁ ጓዳ ሳለ አንድ ቀን የመርዳሳን ምሳ ይዛ ስትሄድ በሩ ከውስጥ ተዘግቶ አገኘችው። በስንጥቁ አጮልቃ ስታይ፣ አዲስ የተሾመው የአገረ ገዢው ጸሐፊ አብተው የስኳር ጆንያ ላይ ተቀምጦ፣ ምላሱን በጥርሱ ይዞ፣ «ለ ሉ ሊ» ይጽፋል። ሹመቱን በዘመድ አግኝቶት ኖሯል እንጂ ስሙን እንኳ አጣርቶ መጻፍ አይችልም ነበር። ሰው ሁሉ ምሳውን በሚበላበት ሰዓት በር እየዘጋ መርዳሳ ዘንድ ስምንት ወር ተማረ። ከዚያ ወጥቶ፣ ምስጢሩን ያወቀበትን ሰው ሊያጠፋ የፈለገ ይመስል፣ በየገበያው «ኖራው» ይለው ጀመር።

ዘርፉ ለከተማው ሁሉ ልትናገር ተነሥታ ነበር። መርዳሳ እጇን ያዛት። «ተማሪዬ ነው። የማያውቀውን ሊማር ነው የመጣው፣ ሊሰርቅ አልመጣም። በእኔ ምለሽ ተይው።» እሷም እየተናደደች፣ «መርዳሳ ይሙት፣ አልናገርም» ብላ ማለች።

«ምዬአለሁ» አለችው አሁን መሐመድዘይንን።

«በማን?»

«በእሱ ነዋ። መርዳሳ ይሙት ብዬ።»

መሐመድዘይን መሬት መሬት አየ። «ታዲያ... ሞቷል እኮ እህቴ።»

«ሞቷል» አለች ዘርፉ። «ብናገር ቃሌን የማጥፈው በእሱ ላይ ነው። ከሰው ሁሉ አስቀድሜ እኔ ልናቀው?»

ነጋዴው ሲሄድ አንድ ደብተር ሙሉ ባዶ ወረቀት፣ አንድ ብልቃጥ ቀለምና አንድ ብዕር አግዳሚው ላይ ትቶላት ሄደ።

እሷም ስታወጣ ስታወርድ ዋለች። ጣቷን ካላሳረፈች ትምህርት ቤቱ ሞጆ ሄደ፤ አርባ ሁለት ልጆች ነገ ማንም የማይጠብቃቸው ደጅ መጥተው ይመለሳሉ። ካሳረፈች መርዳሳ ከዐሥር ዓመቱ ውስጥ እንዳልነበረ ይሆናል። ብትናገር ደግሞ መሐላዋን በላች። አብተው ይህን ሁሉ አስቦበት እንደሆነ አታውቅም፤ እንዲህ ለማሰብ አእምሮ ይጠይቃልና አላሰበውም ብላ ደመደመች።

*

በሰባተኛው ቀን ከቀትር በፊት ዳሱ ሞላ። አብተው አዲስ ኮት ለብሶ፣ ወረቀቱን በሁለት እጁ ይዞ ቆመ። አባ ሰንበታና አለቃ ከፊት ተቀመጡ። በላይነሽ የቀለም ብልቃጥ ይዛ ዘርፉ አጠገብ ቁጭ አለች፤ ጣቷን የምትነክረው እሷ ልትሆን ነው።

አብተው አነበበ። «በአዳማ ከተማ፣ መምህር መርዳሳ የተባሉ ደግና ትጉህ ሰው፣ ከዐሥር ዓመት በፊት ትምህርት ቤት ከፍተው...» ድምፁ ተንቀጠቀጠ። አንዳንድ ሴት መንሰቅሰቅ ጀመረች። ንባቡ ሲያልቅ አባ ሰንበታ፣ «ይበል፣ ይበል! ጥሩ ተጽፏል» አሉ።

አብተው ወረቀቱን ለዘርፉ ወደታች አወረደላት። «በይ እህቴ፣ ጣትሽን እዚህ ጋ።»

«ልየው» አለች ዘርፉ።

«ምኑን?»

«ወረቀቱን።»

በላይነሽ ሣቀች። «ቀለሙን ልታይ ነው?»

አብተውም ፈገግ ብሎ ለቀቀላት። ዘርፉ ወረቀቱን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ አየችው። ከዚያ በማይጮኽ፣ ግን ዳሱ ውስጥ ያለ ሁሉ በሚሰማው ድምፅ ማንበብ ጀመረች።

«እኔ፣ ጸሐፊ አብተው፣ በአዳማ ከተማ፣ በገዛ ትጋቴ ትምህርት ቤት ከፍቼ፣ ዐሥር ዓመት ሙሉ ሕፃናትን ሳስተምር ኖሬአለሁ። መርዳሳ የሚባል ሰውም ቤቱን እየጠረገ ያገለግለኝ ነበር።»

ወይዘሮ ቡዜ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ሰዉን ይበልጥ ያስደነገጠው የወረቀቱ ውሸት ይሁን የሴትየዋ ማንበብ መለየት ያስቸግር ነበር።

«ያነበብከው ይህን ነው?» አሉ አባ ሰንበታ።

«ረቂቅ ነው... ወረቀት ተለዋውጦብኝ ነው» አለ አብተው።

ዘርፉ ገና ከወረቀቱ ላይ ዐይኗን አላነሣችም። ዐረፍተ ነገር ባለቀ ቁጥር አራት ነጥብ አለ፤ በአራቱ መካከል ግን ወረቀቱ ሻክሯል። አንድ ነገር ተጽፎ በሰንጢ ተፍቋል። መጨረሻ ድረስ እያንዳንዱን አየች፤ አንዱም አልቀረም።

«ይኼስ ምንድን ነው?» አለች። «በየነጥቡ መሀል ተፍቋል።»

«አምጪው» አሉ አለቃ እጃቸውን ዘርግተው። «ዐይኔ ፊደል ባይለይም ብርሃን ይለያል፤ የተፋቀ ብራና በብርሃን ነው የሚታወቅ።» ወረቀቱን ወደ ፀሐይ አቀኑት። በየነጥቡ መካከል የሳሳው ቦታ እያበራ ታየ፤ ከኋላ የቆሙት እንኳ አዩት። አለቃ ጥቂት አዩና ሳያስቡት ከአፋቸው አመለጣቸው። «እንዴ! ባለ አምስት!»

አንድ ሰው ሣቀ። ቀጥሎ ሌላው። ሣቁ አግዳሚውን ሁሉ አዳርሶ እስከ ደጅ ወጣ፤ በላይነሽ ብቻ የቀለሙን ብልቃጥ ይዛ ፈዛ ቀረች። ዘርፉ አልሣቀችም። ያኔ ከቅዳሴ በኋላ በመርዳሳ ላይ የተሣቀው ሣቅ ይኸው ነው፤ ያው አፍ፣ ያው ጥርስ፣ የዞረው ወደ ሌላ ሰው ብቻ ነው። አብተውን ትንቀዋለች፤ የሚሥቁበትን ደግሞ ከእሱ አብልጣ ናቀቻቸው።

«ዘርፉ፣ አስተምሮት ነበር እንዴ?» አለ አንዱ። «ተናገሪ እንጂ! ጸሐፊው የኖራው ተማሪ ነበር?»

ሁሉም አያት። አብተውም አያት፤ ዐይኑ ሲለምናት በሕይወቷ መጀመሪያ ጊዜ አየች። መሐመድዘይን በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል። አንድ ቃል ይበቃ ነበር።

«ስለ እሱ የምናገረው የለኝም» አለች ዘርፉ። «ጸሐፊው እንደገና ይጻፉ። እዚሁ፣ እኛ እያየን። እንዳነበቡልን አድርገው ከጻፉ እፈርማለሁ። ካልጻፉ ሞጆ ይውሰደው።»

አባ ሰንበታ ዱላቸውን መሬት ላይ መቱ። «ጻፍ» አሉ።

ጽሕፈት ጠረጴዛ አልነበረም። ወይዘሮ ቡዜ ከሰሌዳው ላይ የተረፈውን ንፍሮ ወደ እንቅብ ገለበጡት፣ በነጠላቸው ጫፍ ወለወሉትና ሁለት አግዳሚ ላይ አጋደሙት። አብተው ተንበርክኮ የመሐመድዘይንን ወረቀት በላዩ አኖረ። ብዕሩን ነከረ። ምላሱን በጥርሱ ያዘ፤ ዘርፉ ያን ጊዜ በስንጥቅ ያየችውን አፍ ዐወቀችው።

ቀስ ብሎ ጻፈ። መጨረሻው ላይ ሲደርስ በጥንቃቄ አንድ ነጥብ አሳረፈ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። ብዕሩን ሊያነሣ ትንሽ ቆመ። ያን ጊዜ ብዕሩ በገዛ ራሱ መካከሉ ላይ ወረደና አምስተኛዋን አኖረ።

ማንም አልሣቀም። አብተው እጁን እንደ ሌላ ሰው እጅ ትክ ብሎ ተመለከተው። ከዚያ ደንግጦ ኪሱ ገባና ሰንጢውን አወጣ።

«ሳያነቡ አይፋቁት» አለች ዘርፉ።

አብተው ቀና አለ። ይህን የመርዳሳን አነጋገር ከዚህ ቀደም የት እንደሰማው ዘርፉ ገባት፤ የስኳር ጆንያ ላይ ተቀምጦ፣ በሩ ተዘግቶ፣ መጥረጊያ ጨርቅ በእጁ ይዞ ነው የሰማው። ሰንጢውን መሬት ላይ አስቀመጠ። ጎንበስ ብሎ በቀጭን ድምፅ፣ ቃል በቃል እየለየ አነበበ።

«በአዳማ ከተማ... ይህን ትምህርት ቤት... ያቆመው... ያስተማረውም... መምህር መርዳሳ ነው።»

ድምፁ እዚያ ላይ ተሰበረ። በዚህን ጊዜ መሐረቡን አላወጣም።

ዘርፉ ተነሥታ ሰሌዳው አጠገብ ተንበረከከች። ወይዘሮ ቡዜ ብዕሩን አቀበሏት፤ ስሟን መጻፍ ትችላለች፣ ሰውም እንድትጽፍ ጠብቆ ነበር። ብዕሩን ወደ ጎን አኖረችው። ሌባ ጣቷን ገና ባልደረቀችው አምስተኛ ነጥብ ላይ ቀስ አድርጋ አሳረፈች። ቀለሙ ከጣቷ ሥር ሰፋ ብሎ የጣቷን መሥመር ያዘ። ሰባት ቀን ያልመጣላት እንባ ያን ጊዜ መጣ፤ አገጯ ላይ እየተንጠባጠበ ሰሌዳውን ያረጥበው ጀመር።

«በቃ ልጄ፣ አንሺው» አሉ ወይዘሮ ቡዜ እጇን ሊይዙ።

«ቆዩ» አለች ዘርፉ ጣቷን ሳታነሣ። «ይድረቅ።»